ሰባት ቀን ከባየህ ጋር

ይታይሽ ከፈታችው ባሏ ጋር ሰባት ቀን ባሕር ዳርቻ እንድትዝናና የተጠየቀች ለት መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ፣ ባሕሩ ሰው ለማስመጥ ይበቃል ወይ የሚል ነበር። እንዴት ያለች ክፉ ሴት ናት የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው ባየህን አያውቀውም።

ነገሩን ያመጣው ልጃቸው አንለይ ነው። አንለይ ከፎገራ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ዱባይ ሳህን አጠበ፣ ቀጥሎ መርከብ ላይ ወጥ ሠራ፣ አሁን ደግሞ ካሪቢያን ባሕር ላይ ባርቤዶስ በምትባል ደሴት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የወጥ ቤቱ ሹም ሆኗል። እናቱ በእነዚህ ዓመታት ፊቱን ያየችው በስልክ ብቻ ነው፤ እሱም ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ፣ ግማሽ ፊቱን። ይታይሽ ሌላ ልጅ የላትም። ያላት የሩዝ ማሳዋና አንለይ ነው፤ ማሳው እዚህ፣ አንለይ እዚያ።

ያ ሆቴል አምስት ዓመት ላገለገለው ሠራተኛ አንድ ደግ ነገር ያደርጋል። እናትና አባቱን አስመጥቶ፣ ከመሳፈሪያ እስከ መኝታ ችሎ፣ ሰባት ቀን ያስተናግድለታል። እናትና አባቱን፣ ሁለቱንም። በሕይወት ካሉ አንዱን ትቶ ሌላውን መጋበዝ የለም፤ አንዱ ከቀረ ሌላውም ቀረ። አባቱ የሞተበት ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ባየህ ግን አልሞተም። ይታይሽ እንደምትለው፣ ከጥጋቡ የተነሣ ጉንፋን እንኳ አይደፍረውም።

አንለይ ይህን ሲነግራት «እማየ፣ እሱ የሚፈለገው ለስሙ ነው። እኔ የምፈልገው አንችን ነው» ብሏታል። ቃሉን ለብቻዋ እያመነዠከች ሦስት ቀን ከረመች። ከማር ጣፈጣት።

ሆቴሉ የላከውን ቅጽ የምታነብላቸው ሰብለ ወንጌል ናት። የነፍስ አባታቸው የቄስ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ስትሆን ወረታ ላይ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ቤቷም ከጎንደርና ከደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ ብዙ አይርቅም። ለሁለት ተማሪ ጠብ ዳኛ መሆን የለመደች ሴት ናት። ለእነዚህ ለሁለቱ ግን አልበቃችም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይታይሽ ቀድማ ደረሰችና ቤት ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ባየህ ሲመጣ አያት፤ ሰላም ሳይል ተመልሶ ከጣራው ጠፈጠፍ ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ ድንጋይ አንከባሎ ተቀመጠበት። የጥቅምት ፀሐይ አናቱን ሲቀቅለው ይታይሽ ሰውነቷ ለመለመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ባየህ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቶ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ፣ የበሩን ቦታ ያዘ። እሷ ስትደርስ «ዛሬስ ጥላው እንዴት ያለ ነው!» አለ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው። ይታይሽ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጠቅልላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ሰብለ ወንጌል ደጃፉ ላይ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እየዞረች አነበበች።

«የማይበሉት ምግብ ካለ ይግለጹ ይላል።»

«አሳማ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ወዲያው ደግሞ ተናደዱ፤ በአንድ ነገር ከተስማሙ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

«እሽ፣ አሳማ አይቅረብ» አለች ሰብለ እየጻፈች። «የአገሩ ሰው የሚወደው በራሪ ዓሣ የሚሉት አለ። ከበቆሎ ዱቄትና ከባሚያ ከተገነፋ ገንፎ ጋር ይቀርባል። አንለይ ራሱ እሠራላቸዋለሁ ብሏል።»

«ዓሣ ምን አባቱ ቆርጦት ይበራል?» አለ ባየህ።

«ገንፎ ለመብላት ነው ያን ሁሉ ባሕር የምሻገር?» አለች ይታይሽ።

«በያት እስቲ፣ እሷ ያገነፋችውን የበላ ሰው ለገንፎ ባሕር ቢሻገር አይፈረድበትም።»

«በይው፣ ያን ገንፎ ሃያ ዓመት ሲሰለቅጠው እኮ ጎሮሮው አላሳከከውም።»

ሰብለ ለአንዳቸውም አላስተላለፈችም። ሁለቱም ጆሮ አላቸው። ቀኖቹን ማንበብ ቀጠለች። የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ነው፤ ከመንገድ የመጣ ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ይመለከታል። ባየህ ሣቀ። ውኃ በየክረምቱ ከጣና ገንፍሎ ደጃፉ ድረስ እየመጣ ያየዋል፤ ጎተራውን ሁለት ጊዜ አፍርሶበታል፤ አሁን ደግሞ እሱ ውኃን ለማየት ሊሄድ ነው። ሁለተኛው ቀን የሸንኮራ እርሻ ነው፤ የባሪያ ዘር የሆኑት ሰዎች አያቶቻቸው እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያስጎበኛሉ። ሦስተኛው ቀን ገበያና የአገሩ ሰው ቤት ምሳ። አራተኛው በጀልባ መሄድ። አምስተኛው ቀን ዓርብ ይውላል፤ ዓርብ ሲመሽ መንደርተኛው ከባሕሩ ዳር ወጥቶ ዓሣ እየጠበሰ፣ ከበሮ እየመታ ይጨፍራል።

«ዓርብ ጾም ነው» አለ ባየህ።

«ዓሣ ጾም አይሽርም» አለች ይታይሽ። እሷ ራሷ በዕድሜዋ ዓርብ ቀን ዓሣ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ባየህ ጾም ነው ባይል ኖሮ ቀድማ የምትናገረው እሷ ነበረች።

«ዓሣ ደም የለውም? ወይስ ጎመን ነው?»

«በይው፣ የሰው ደም ያፈሰሰ የዓሣ ደም አይጨነቅም።»

 ሰብለ ወረቀቱን ገለጠች።

«ይኸችን ብቻ ጨርሱልኝና» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየለሰለሰ። «ክፍሉ አንድ ነው። ሆቴሉ ለእናትና አባት አንድ ክፍል ነው የሚሰጥ። አልጋው አንድ ይሁን ሁለት ይላል።»

ይታይሽ ሁለት አገር ይሁንልን ልትል አፏን ስትከፍት ባየህ ቀደማት።

«አልጋውን ተይው። ክፍሉ ጣራ አለው?»

ሰብለ ወንጌል ብዕሯን አወረደች። ይታይሽም ክው አለች። እስካሁን ስለ ገንፎና ስለ ዓሣ ሲናከሱ ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ይኸው ነው። ለምን አንዱ ቤት ውስጥ ሌላው ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጥ የዘነጉት ይመስል፣ ከአንድ ጣራ ሥር ሰባት ቀን ለማደር ሲያቅዱ ከርመዋል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከተፋቱ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ ሁለቱ ተደባድበው ነበር። ሲፋቱ መሬቱ ለሁለት ስለተቆረሰ ማሳቸውን የሚለየው አንድ ድንበር ነው። እዚያ ድንበር ላይ ባየህ በዶማ እጀታ የግራ እጇን ሰበረ፤ እሷም በማጭድ ትከሻውን ዘነጠለችው። አገር ምድሩ ውኃ አጣላቸው አለ። በፎገራ ሩዝ ሲተከል ለውኃ የማይጣላ ስለሌለ ማንም ሌላ ምክንያት አልጠየቀም። የነፍስ አባታቸው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ግን ቀጣዩ ጠብ በሬሳ እንዳያልቅ ፈሩ። መስቀላቸውን አውጥተው ሁለቱንም ገዘቷቸው፦ ከአንድ ጣራ ሥር እንዳይገኙ፣ ከአንድ ገበታ እንዳይቆርሱ። ግዝት ቀልድ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ ሰርግ ቤት ከገባ ሌላው ዳስ ውጭ ይቆማል። ለቅሶ እንኳ በየተራ ነው የሚደርሱት።

«አውሮፕላንስ?» አለ ባየህ። «አውሮፕላን ጣራ የለውም?»

«አለው፣ ጋሸ» አለች ሰብለ።

«እንግዲያስ ቀረ።»

ይታይሽ ከድንጋዩ ላይ ተነሣች። ሰውየው ደስ ያለው መሰላት። ልጇን የማየቷ ነገር በዚህ ሰው አፍ «ቀረ» ሲባል ስትሰማ የተሰበረው እጇ ጠዘጠዛት። «አይቀርም» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደሱ ዞራ። «የገዘቱን አሉ። ይፈቱናል። አንለይን ሳላይማ አልሞትም፤ ሰይጣን አብሮኝ ቢሳፈርም እሳፈራለሁ።»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጉዳዩን ከልጃቸው ሰምተው የላኩት መልስ አጭር ነበር። እሑድ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከወይራው ሥር ይምጡ። እፈታለሁ። ነገር ግን ሁለቱም በመስቀሉ ፊት የያዙትን ቂም፣ የሠሩትን በደል ሳያስቀሩ ያወጣሉ። አንድ ቃል ያስቀረ ግን ግዝቱ በራሱ ላይ ይጸናል።

ይታይሽ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት። ባየህ በሰው ፊት ተንበርክኮ «እጇን ሰብሬያለሁ» ሲል ታያት። ደስታው ደግሞ ለብቻ አልበቃትም። ሰብለን ለብቻዋ ጠርታ፣ እሑድ ለት ስልኳን ከፍታ አንለይን እንድታስገባላት ለመነቻት። በእሱ አገር ያን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ሥራ ሳይገባ ይደርሳል። «ልጄ በጆሮው ይስማ» አለች። «አባቱ ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ ከራሱ አፍ ይስማው።»

«አባቴ ላይስማሙ ይችላሉ፣ እትየ።»

«ለእርቁ ብሎ ነው ልጁ የሚሰማ በያቸው። እርቅን ማን ይጠላል?»

ቄሱም አልጠሉም። እንዲያውም ደግ አሰበች ብለው መረቋት።

«ሳያስቀሩ» የምትለዋ ቃል የጎረበጠቻት ቅዳሜ ለት ነው፤ ሩዟን ስታጭድ። ያስቀረችው ነገር አለና። አንለይ ለመሄድ ሲነሣ ባየህ ቀኑን እንድትነግረው ሰው ልኮባት ነበር፤ ስንቅ አምጥቶ ሊመርቀው። እሷ ለሚካኤል ማግሥት ነው ብላ ላከችበት። አንለይ የሄደው በሚካኤል ዕለት ነው። ይህን ባየህ ያውቃል፤ ቢጠየቅ ቀን ተምታትቶብኝ ነው ትላለች፣ ቀን የማይምታታበት የለም። ባየህ የማያውቀው ግን ሌላ ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንለይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባየ አልመጣም?» ሲላት፣ «አባትህ መንገዱ አይቅናው፣ በሄደበት ውኃ ሆኖ ይቅር ብሏል» አለችው።

ይህን ከሷና ከአንለይ በቀር የሚያውቅ የለም። አንለይም ከሄደ ወዲህ ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም፤ የቅጹ ነገር እንኳ የደረሰው በሰብለ በኩል ነው። ስለዚህ ይህች አንዲት ቃል ብትቀር ማን ያውቃል? ይታይሽ ማጭዷን ሞረደችና ማጨዷን ቀጠለች። የራሷን አፍ ትዘጋለች እንጂ፣ አባትና ልጁን በአንድ ስልክ እንደምታገናኝ አላሰበችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው።

እሑድ ለት ወይራው ሥር አራት ሰው ነበር፤ አምስተኛው ስልኩ ውስጥ። ሰብለ ስልኳን ከድንጋይ አስደግፋ አቆመችው። አንለይ ነጭ የወጥ ቤት ልብሱን ለብሶ ታየ፤ ከኋላው ሰማያዊ ነገር ይብለጨለጫል፤ ባሕር ይሁን ግድግዳ አይለይም። «እንዴት ዋላችሁ፣ አባ» አለ። ቄሱ መረቁት። ባየህ ስልኩን አየና ዓይኑን ሰበረ። ጢሙ መሸበቱን ልጁ ያየው ያን ቀን ነው።

«ባየህ፣ ጀምር» አሉ ቄሱ፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው።

ባየህ ተንበረከከ። ይታይሽ እንዳሰበችው ነበር፤ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ሰማች።

«እጇን ሰብሬያለሁ» አለ። «በዶማ እጀታ። ለሴት ልጅ ዶማ ማንሣት ነውር ነው፤ ነውር ሠርቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይታይሽ ወደ ስልኩ አየች። ልጇ ጥርሱን ነክሷል። ጨረስሁት አለች በሆዷ።

«ሰው በውኃ ነው ይላል» አለ ባየህ። «በውኃ አይደለም። እኔም በውኃ ነው ያልሁ አፍሬ ነው። ልጄ የሚሄድ የሚካኤል ማግሥት ነው ብላ ላከችብኝ። እህቴ ዳቦ ቆሎ ቆልታ፣ እኔም ተሸክሜ ሌሊቱን ተጉዤ ወረታ ደረስሁ። ለእያንዳንዱ አውቶቡስ አንገቴን እያስገባሁ አንለይ፣ አንለይ ስል ዋልሁ። ረዳቶቹ ሣቁብኝ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዱ አዝኖልኝ ትናንት ሄዷል እኮ አለኝ። በነጋው ድንበር ላይ አገኘኋት። ምነው ብየ ጠየቅኋት። ሣቀችብኝ። ያን ጊዜ ነው ዶማውን ያነሣሁ። ዘጠኝ ዓመት የያዝሁት ቂም ይኸ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

«ቀን ተምታትቶብኝ ነው» አለች ይታይሽ ቶሎ ብላ፣ ተራዋ ሳይደርስ።

ቄሱ ሊገሥጿት ሲሉ ከስልኩ ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ አባየ። አንተ መጥተህ ነበር?»

ባየህ መልስ የሚሰጠው ለስልኩ ይሁን ለመስቀሉ ግራ ገባው። «መጥቻለሁ። ዘግይቸ።»

«ታዲያ የላክህብኝ ቃልስ?»

«ምን ቃል?»

«መንገዱ አይቅናው፣ በሄደበት ውኃ ሆኖ ይቅር ያልኸው።»

ባየህ ከጉልበቱ ተነሣ። ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ያልገባው ሰው ፊት ነው። «እኔ?» አለ። «አንተን? አንተን ነው የረገምሁት?»

 ቄሱ፣ ሰብለ፣ ባየህ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉም ወደ ይታይሽ ዞሩ። እሷም ማምለጫ ስትፈልግ አንድ አገኘች። አምሳል የምትባል ጎረቤቷ አምና ሞታለች፤ ሙት ደግሞ አይመሰክርም።

«አምሳል ናት የነገረችኝ» አለች። «እሷ ናት ባየህ እንዲህ አለ ብላ…»

«አምሳልን እኔ ነኝ ያናዘዝኋት» አሉ ቄስ ኃይለ ሚካኤል፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የሞተ ሰው አትጥሪ። መስቀሉን እይና ተናገሪ።»

ይታይሽ መስቀሉን አየች። ከዚያ ልጇን አየች። ይህን ፊት ከእጅ ርቀት ለማየት ነበር ፀሐይ ላይ የተቀመጠችው፣ ከጠላቷ ጋር ገንፎ የመረጠችው። አሁን እውነቱን ከተናገረች የምታጣው መሰላት። ከዋሸች ደግሞ ግዝቱ በሷ ላይ ይጸናል፤ ግዝቱ ከጸና አውሮፕላኑም ክፍሉም የለም። በየትም በኩል ገደል ነው። ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ ያልሁ» አለች። «እሱ አላለም። ቀኑም አልተምታታብኝ፤ አውቄ ነው።»

 

«መርከብ ላይ ዘይት ሲያቃጥለኝ የአባቴ ርግማን ነው አልሁ» አለ አንለይ። «ወንድሜ ያልሁት ሰው ሲከዳኝ ርግማኑ ነው አልሁ። እዚህ የምትወደኝ ልጅ ነበረች። የተረገመ ሰው ምን ዘር ይወጣዋል ብየ ፈርቸ ተውኋት። እሷ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።»

ይታይሽ ስለዚች ልጅ ሰምታ አታውቅም። በየስልኩ «መቼ ነው የልጅ ልጅ የምታሳየኝ?» እያለች የምትጨቀጭቀው እሷ ነበረች።

«አባየ» አለ አንለይ። «መርቀኝ።»

ባየህ ስልኩን አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው።  «የወጣህበት ይቅናህ» አለ። «እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ። በሰው አገር ሰው ይስጥህ። ዘርህን ያብዛው። ከእኔ የቀደመውን ቃል እግዜር ከጆሮህ ያውጣልህ።» በየመሀሉ አንለይ «አሜን» ይላል።

ይታይሽ አሜን ልትል ፈለገች። የማን አሜን እንደሆነ ግራ ገባትና ተወችው። ከምቀኝነቷ ጋር ተንበርክካ፣ አባትና ልጅ በሷ አናት ላይ ሲነጋገሩ ሰማች።

«ትመጣለህ፣ አባየ?»

ባየህ ወደ ይታይሽ አየ። እሷም ገባት፤ የሷ መሄድ አሁን ያለው በዚህ በዘረፈችው ሰው ምላስ ላይ ነው። እምቢ ቢል ማን ይፈርድበታል? እሷ በሱ ቦታ ብትሆን እምቢ ትል ነበር። ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

«እመጣለሁ» አለ ባየህ። «ላንተ ስል ነው። ለማንም አይደለም።»

«እማየ» አለ አንለይ።

«ወየ፣ ልጄ።»

«ለምን እንዳደረግሽው አሁን አትንገሪኝ። በስልክ አልሰማም። እዚህ መጥተሽ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ።» ሌላ ጊዜ ስልክ ሲዘጋ ደኅና ሁኝ ሦስት ጊዜ ይላት ነበር። አሁን ምስሉ ጠፋ።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጸሎታቸውን ደግመው፣ ሁለቱን መስቀል አሳልመው፣ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ዘጠኝ ዓመት የከረመው ግዝት በአንድ ትንፋሽ ተፈታ። የታረቀ ሰው ከአንድ ገበታ ካልቆረሰ እርቁ አይጸናምና ሰብለ ወንጌል የሩዝ እንጀራ በሽሮ አምጥታ በመካከላቸው አስቀመጠች። ቄሱ ባርከው ቆርሰው ወደ ቤተ ልሔሙ ሄዱ።

ባየህ በላ። እርሻ እንደዋለ ሰው በእርጋታ፣ በራሱ በኩል ብቻ እየቆረሰ በላ። ይታይሽ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ በእጇ ይዛ ቀረች።

«አንተን አቅፎ ከሄደ የሚናፍቀው ሁለት ሰው ይሆናል ብየ ነው» አለች። «አንድ እንዲሆን ፈለግሁ። እኔን ብቻ።»

ባየህ ያለውን አላምጦ ዋጠ። «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ይልቅ ከሰባቱ ቀን በየትኛው እንደምትነግሪው ምረጭና ለሰብለ ንገሪያት፤ እዚያው ከገንፎውና ከጀልባው ጋር ትጻፈው።»

ሰብለ ወንጌል የሆቴሉን ወረቀት ከቦርሳዋ ያወጣችው አልጋውን አስሞልታ ለመጨረስ ነበር። ከሁለቱ ማን እየቀለደ ማን የምሩን እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየች። የሚቀልድ አልነበረም።

«የመጀመሪያውን» አለች ይታይሽ።

ሰብለ «ዕረፍት» የሚለውን ሰረዘችው።